ያልተለኮሰው ፒፓ

ቲቶ ጠረጴዛው ላይ የተደረደሩትን ቆርቆሮዎች ሲያይ ማን እንደላካቸው መጠየቅ አላስፈለገውም። እንዲህ ያለ ትምባሆ ዶዮገና ውስጥ አይሸጥም፤ ሆሳዕናም አይገኝም። የመጣው ከጆሃንስበርግ ነው። ከጆሃንስበርግ ወደዚህ ቤት ዕቃ የሚልክ ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነበር።

ፍሬው ይባላል። የሾኔ ልጅ ነው፤ ደቡብ አፍሪካ ሱቅ ከፍቶ ከኖረ ቆይቷል። ትዝታን ለማግባት ሽማግሌ ከላከ ወር አልፎታል። የትዝታ አባት አቶ ሄራሞ መልሱን አላቻኮሉም። ያላቻኮሉበትን ምክንያት የቤቱ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ በየቅዳሜው ከሆሳዕና እየመጣ ትንፋሻቸውን የሚያዳምጠው ነርስ፣ ቲቶ ነው።

ቲቶ ትዝታን ያገኛት እሳቸው ሆሳዕና ሆስፒታል ተኝተው ሳሉ ነበር። ቀን ዶዮገና ልጆች ስታስተምር ትውልና ማታ ከአባቷ አልጋ ሥር ሰሌን ዘርግታ ታድራለች። እሱ የሌሊት ተረኛ ሲሆን ትኩሳት ለመለካት ይመጣል፤ ሳይለካም ይመጣል። አዲስ አበባ ያሉት ሐኪሞች የአቶ ሄራሞን ሳንባ አይተው "ቤቱ ሄዶ ይረፍ" ባሉ ጊዜ፣ የቃሉን ትርጉም በለሆሳስ ያስረዳት ቲቶ ነው። ያን ዕለት እጁን ይዛ አለቀሰች። ከዚያ ወዲህ ሁለቱም ሌላ ሰው አላሰቡም።

እሷ ካቶሊክ ናት። እሱ ደግሞ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ልጅ ነው።

"መጣህ? ና እስቲ ዓይን ሁነኝ" አሉ አቶ ሄራሞ። ትራስ ተደራርቦላቸው ወንበር ላይ ተደግፈዋል። "ላዩ ላይ የተጻፈውን አንብብልኝ። ኤልሳቤጥ ሁሉም ላይ ያለው ሞት ነው ብላ አልፋዋለች።"

"ውሸት ነው እንዴ?" አሉ ባለቤታቸው ወይዘሮ ኤልሳቤጥ ከጓዳ በር ላይ ሆነው።

"እውነት ነው። ግን ከሞቱ በታች ሌላም ጽሑፍ አለ።"

ትዝታ ሳቀች። ቲቶም መሳቅ አምሮት ነበር፤ ቆርቆሮዎቹ ግን አላሳቁትም። አንዱን ከፈተ። ውስጡ ያለው እሱ በሩቅ እንደሚያውቀው ዓይነት የተበጣጠሰ ትምባሆ አልነበረም። ቅጠሉ በክብደት ተጨምቆ ጣውላ እስኪመስል ከጠጠረ በኋላ በስስ በስሱ ተቆርጧል፤ ቁራጮቹ አንዱ በሌላው ላይ ተነጥፈው፣ ለእንግዳ የተቆረጠ ቆጮ ይመስላሉ።

"ይሄን የቆረጠው አናጺ ነው" አሉ አቶ ሄራሞ አንዱን ቁራጭ በጣታቸው ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው። ዕድሜያቸውን በሙሉ ለካቶሊክ ሚሲዮኑ በርና መስኮት ሲሠሩ የኖሩ ሰው ናቸው። የሚያጨሱበትንም ፒፓ የተዉላቸው ከሚሲዮኑ ወደ አገራቸው የተመለሱ አንድ ሽማግሌ ቄስ ነበሩ። "ከመላጊያ የወጣ ነው የሚመስለው። እየው፣ ውፍረቱ አንድ ነው።"

ቁራጮቹን ከየቆርቆሮው እያወጡ ጋዜጣ ላይ አሰጧቸው። ከጎናቸው ወይዘሮ ኤልሳቤጥ ከሺንሺቾ ገበያ የገዙላቸውን፣ እንደ ዳቦ የተጠፈጠፈውን የአገር ትምባሆ አኖሩ፤ እሱንም በቢላ ስስ አድርገው ከረከሙት። ከዚያ እንደ ዳኛ ተራ በተራ ማሽተት ጀመሩ። መጀመሪያ ጥቁሩን አሽትተው አፍንጫቸውን ሰበሰቡ።

"ኮምጣጤ ውስጥ ያደረ ነው። ለወጣት ሳንባ እንጂ ለእኔ አይሆንም።"

ሁለተኛውን አንስተው ትዝታን ጠሯት። "ይሄን አሽትቺው። ምን ይላል?"

"ኬክ ኬክ ይላል፣ አባባ።"

"ልደት ያደረጉልኝ መስሏቸው ነው። መልሺው።"

ሦስተኛው ወርቃማ ነበር። አቶ ሄራሞ አሽትተው ደግመው አሸተቱት። "ይሄ ደረቅ ሣር ሣር ይላል። ታጭዶ ፀሐይ የመታው ሣር። ቄሱ ያጨሱት የነበረው ይሄን ነው።" ለአፍታ ዓይናቸውን ጨፈኑ። "ልጁ ዕቃ መምረጥ ያውቅበታል። የሰው ነገር ሳያዩ መፍረድ ጥሩ አይደለም።"

ልጁ የተባለው ፍሬው ነው። ቲቶ ጋዜጣውን የሚያነብ መስሎ አቀረቀረ። ትዝታ አየችው። ዓይኗ ታገስ የሚለው መሰለው፤ ታገሠም።

አቶ ሄራሞ ከወርቃማው ሁለት ቁራጭ አንስተው በመዳፋቸው መሀል ቀስ አድርገው አሹት። ጊዜ ወሰደባቸው፤ በመካከል እያረፉ ተነፈሱ። ፒፓውን ሞሉና በአውራ ጣታቸው ጠቅጠቅ አደረጉት። ከዚያ ወደ ራሳቸው አፍ በመውሰድ ፈንታ ወደ ቲቶ ዘረጉት።

"የመጀመሪያውን እሳት አንተ ሳብልኝ" አሉት።

ወይዘሮ ኤልሳቤጥ ከበሩ ላይ አልተንቀሳቀሱም። ትዝታ በእጇ የያዘችውን ቆርቆሮ ጠረጴዛው ላይ ማኖር ረሳች።

ቲቶ ፈገግ አለ። እምቢ ለሚል በሽተኛ የሚያሳየው ትዕግሥተኛ ፈገግታ ነበር። "ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሌላ የፈለጉትን ይዘዙኝ። ይሄን ግን አፌ ላይ አላደርገውም። እምነቴም ሥራዬም አይፈቅድልኝም።"

"አስበህበት ነው?"

"የሚታሰብበት አይደለም፣ ጋሼ።"

አቶ ሄራሞ ፒፓውን ሳይለኮስ ጠረጴዛው ላይ መልሰው አስቀመጡት። "እንግዲህ ደህና" አሉ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ወይዘሮ ኤልሳቤጥ የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ አድርገው ወደ ጓዳ ገቡ።

ትዝታ ቲቶን ተመለከተችው። እንደዚያ አይታው አታውቅም። ከዚያ ወደ ጓሮ ወጣች፤ እስኪሄድም አልተመለሰች። ሌላ ቀን እስከ አስፋልቱ ትሸኘው ነበር። ዛሬ ብቻውን ወረደ። በሚኒባሱ መስኮት የእንሰቱን ማሳ እያየ፣ በስጦታ አለመሸነፉን አስቦ ደስ ሊለው ሞከረ። ደስ አላለውም።

*

ትዝታ ስልኳን አላነሳችም። ረቡዕ ከሥራ ሲወጣ መልእክት ደረሰው።

"አባባ ለፍሬው ሽማግሌዎች እሺ ብሏል። እኔም ብያለሁ። አትደውልልኝ።"

ቲቶ ቤት ገብቶ አባቱ ፊት ተቀመጠ። እናቱ ከሞተች ወዲህ የሚኖሩት ሁለቱ ናቸው። አባቱ አቶ ላምቤቦ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማይናገሩ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ሰው የሚፈራቸውና የሚያምናቸው ሽማግሌ ናቸው። ልጃቸው ካቶሊክ ቤት እንደሚመላለስ ያውቁ ነበር፤ አንድም ቀን አልከለከሉትም፤ አንድም ቀን አልባረኩትም።

"ሸጧት" አለ ቲቶ። "በትምባሆ ቆርቆሮ።"

"ማን ነው የሸጣት?"

የሆነውን ነገራቸው። ስለ ቆርቆሮዎቹ፣ ስለ ማሽተቱ፣ በመጨረሻም ስለተዘረጋለት ፒፓ። አቶ ላምቤቦ የያዙትን ማንኪያ ሳህኑ ላይ አኖሩ።

"ምን ብሎ ነው የዘረጋልህ? ቃሉን ንገረኝ።"

"የመጀመሪያውን እሳት ሳብልኝ አለኝ። ትንፋሽ የለውማ።"

"እናቷ ነበረች?"

"ነበረች።"

"ልጅቷስ?"

"እሷም።"

አቶ ላምቤቦ ሲናገሩ ወደ ልጃቸው አላዩም። "በአባቴ ጊዜ ፒፓ የለም፣ ጋያ ነበር። ውሃ ያለው ቅል ላይ የሚጨስ። ሴት ልጁን የምትፈልግበት ሰው እናቲቱ ባለችበት፣ ልጅቷ ባለችበት ጋያውን አንስቶ የመጀመሪያውን እሳት ሳብልኝ ካለህ ልጁን ሰጥቶሃል። ካንተ አፍ ወደ እሱ አፍ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ሽማግሌ የሚላከው ለወጉ ነው። እምቢ ካልክ ደግሞ ልጅህን አልፈልግም ማለት ነው። እሱ ሁለተኛ አይጠይቅም።"

ቲቶ የሰማው ነገር ወደ ውስጡ እስኪወርድ ጠበቀ። አስፋልት ድረስ ብቻውን የወረደበት መንገድ፣ የወይዘሮ ኤልሳቤጥ ነጠላ፣ የትዝታ ዓይን፣ ሁሉም አሁን ገባው።

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ጌታን የተቀበልን ጊዜ ጋያውን ሁሉ ግቢ አውጥተን አቃጠልነው። ልጅ ነበርኩ፤ እንጨት ያቀበልኩት እኔ ነኝ።" አቶ ላምቤቦ ግንባራቸውን አሹ። "ከዚያ በኋላ ስለሱ ማውራትም ነውር ሆነ። ልጆቻችን እንዳይፈተኑ ብለን ነው፤ ሌላ ክፋት አልነበረንም። እነሱ ቤት እንዳለ መቆየቱን ማን ያውቃል?"

"አሁን ሄጄ ብለኩስለትስ?"

"ትታገዳለህ። ከጌታ እራት፣ ከመዘምራን፣ ከአገልግሎት ሁሉ። እግዱን በጉባኤው ፊት የማነበው እኔ ነኝ።" ድምፃቸው ተሰበረ፤ መልሰው አቃኑት። "አትሂድ አልልህም፣ ልጄ። ሂድም አልልህም።"

ቲቶ አባቱን የወደደውን ያህል ያዘነለት ያን ምሽት ነበር።

*

ትዝታ ከትምህርት ቤት ስትወጣ የጠመኔው አቧራ ገና ከእጇ አልተራገፈም ነበር። ቲቶን አጥሩ ሥር ቆሞ ስታየው ልትመለስ አለች፤ ልጆቹ እያዩአት ስለሆነ ቀጥ ብላ መጣች።

"አትደውል አለችኝ እንጂ አትምጣ አላለችኝም ብለህ ነው?"

"አላወቅሁም፣ ትዝታ።"

"ምኑን?"

"የእሳቱን ነገር። ምን ማለት እንደሆነ አላወቅሁም። ትናንት ነው አባቴ የነገረኝ።"

ቆመች። ፊቷ ላይ ያለው ቁጣ መሄጃ እንዳጣ ሰው ዝም ብሎ እዚያው ቀረ። "እዚሁ አገር ተወልደህ?"

"እኛ ቤት ተቃጥሎ አልቋል።"

"እኔኮ ፒፓውን ሲያነሳ በልቤ አባቴን እያመሰገንኩት ነበር። ፍሬውን ትቶ አንተን መረጠ። በፍሬው ትምባሆ ሞልቶ ላንተ ዘረጋልህ፣ ቲቶ። ይሄን የሚያደርግ አባት የት አለ? አንተ ደግሞ ሳቅህበት።"

"አልሳቅሁም።"

"ፈገግ አልክ። ከሳቁ የባሰው እሱ ነበር። ያን ቀን ከእኔ በላይ ያፈረው አባቴ ነው። ሌሊቱን ሙሉ 'አጉል ተዳፈርኩ እንዴ?' እያለ እናቴን ሲጠይቃት አደረ።" ዓይኗ ሞላ፤ እንዲፈስ ግን አልፈቀደችለትም። "ለምን ዞር ብለህ አልጠየቅኸኝም? አንዲት ጥያቄ። ትዝታ፣ ምንድነው ይሄ ብትለኝ እነግርህ ነበር። አንተ ግን እርግጠኛ ነበርክ።"

"እርግጠኛ ነበርኩ" አለ ቲቶ።

"አባባ ከሰኞ ወዲህ አልተነሳም" አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "አልቋል። ከመጣህ አይቀር ግባና እየው። እንደ ነርስ።"

ጎን ለጎን ሄዱ። በመካከላቸው አንድ ሰው የሚያሳልፍ ክፍተት ነበር፤ ሁለቱም አላጠበቡትም።

*

አቶ ሄራሞ አልጋ ላይ ነበሩ። ቲቶ የደም ሥራቸውን ሲይዝ ዓይናቸውን ገለጡ፤ አወቁት። ወይዘሮ ኤልሳቤጥ መቁጠሪያቸውን እንደያዙ ከግርጌ ተቀምጠዋል።

"ጋሼ፣ አላወቅሁም ነበር" አለ ቲቶ ጎንበስ ብሎ። የአባቱን ቃል፣ ግቢ ውስጥ የተቃጠለውን ጋያ፣ ሁሉንም ነገራቸው። አቶ ሄራሞ አንድም ቃል ሳያቋርጡ አዳመጡ። ከዚያ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። እየሳቁ መሆናቸው የታወቀው ሳል ሲከተለው ነው።

"እኔ ደግሞ… ልጄን ነው የናቅከው ብዬ…" ትንፋሻቸው ተቆረጠ።

ቲቶ ተነስቶ ወደ ጠረጴዛው ሄደ። ጋዜጣው አሁንም እንደተዘረጋ ነው፤ ቁራጮቹ ደርቀው ጠርዛቸው ተጠቅልሏል። እጁ መጀመሪያ የሄደው ወደ ሺንሺቾው ትምባሆ ነበር። የፍሬውን ወደ አፉ ማስገባት ከበደው። ከዚያ ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነው ያሸተቱበት ጊዜ ትዝ አለውና ከወርቃማው ሁለት ቁራጭ አነሳ። እንዳየው አድርጎ በመዳፉ አሸው። አላወቀበትም፤ ግማሹ መሬት ፈሰሰ። ፒፓውን ሞላ፣ ክብሪት ጫረ፣ ሳበ።

ጭሱ ጉሮሮውን እንደ በርበሬ ያዘው። ዓይኑ አነባ። አሳለው፤ ደግሞ ሳበ። እሳቱ ሲያያዝ ፒፓውን በሁለት እጁ ይዞ ወደ አልጋው መጣ።

አቶ ሄራሞ አልተቀበሉትም። ጭሱ ወደ እሳቸው ሲሄድ በአፍንጫቸው ብቻ ሳቡት። "የእሱን መረጥክ" አሉ።

"እርስዎ የመረጡትን ነው፣ ጋሼ።"

ረጅም ጊዜ ተመለከቱት። "ጥሩ ሰው ነህ። እኔም ያልኩት ይሄንኑ ነበር።" በየቃሉ እያረፉ ተናገሩ። "ያኔ የዘረጋሁልህ ስትወዳት አይቼ ነው። አሁን የሳብከው ልታጣት ስለሆነ ነው። አልፈርድብህም። ግን ቃል ሰጥቻለሁ፣ ልጄ። የቤተ ክርስቲያናችን አባ ባሉበት፣ ሽማግሌዎቹ በተቀመጡበት። ፍሬውም ምን አጠፋ? በየቀኑ እየደወለ እንዴት አደሩ ይለኛል።" ፊታቸውን ወደ ልጃቸው አዞሩ። "እኔ ሟች ነኝ። ቃሌን ማጠፍ ያለብኝ እንደሆነ አንቺ ንገሪኝ። እጠፍ ካልሽኝ አጥፋለሁ።"

ወይዘሮ ኤልሳቤጥ መቁጠሪያቸውን ማንቀሳቀስ አቆሙ። ቲቶ ወደ ትዝታ ማየት አልቻለም፤ የሚነደውን ፒፓ ተመለከተ።

ትዝታ አልጋው አጠገብ ተንበርክካ የአባቷን እጅ ያዘች። አንድ ጊዜ ቲቶን ቀና ብላ አየችው። በዚያ አስተያየቷ ውስጥ የሆስፒታሉ ሌሊቶች ሁሉ ነበሩ። ቲቶ ለአንድ አፍታ የዳነ መሰለው።

"አታጥፍ፣ አባባ" አለች።

"ለእኔ ብለሽ ከሆነ…"

"ለአንተ ብዬ ነው። በለቅሶህ ላይ ሄራሞ ቃሉን በልቶ ሞተ ሲሉ መስማት አልችልም። እሱም" አለች ቲቶን ሳታይ፣ "እሱም በዚያ መንገድ ቢያገኘኝ አይደሰትም። አውቀዋለሁ።"

ቲቶ ትክክል አይደለሽም ሊላት ፈለገ። ነገር ግን ትክክል ነበረች። ፒፓውን ጠረጴዛው ላይ አኑሮ ወደ አልጋው ተመለሰና የሽማግሌውን ሌላ እጅ ያዘ። ከወዲያ እሷ፣ ከወዲህ እሱ። የሽማግሌው ትንፋሽ በየመካከሉ ይቆማል፤ ከዚያ ይመለሳል። በቆመ ቁጥር ሁለቱ ይተያያሉ። የደም ሥራቸው ምት ጣቱ ሥር እየሳሳ ሄዶ ሲጠፋ መጀመሪያ ያወቀው ቲቶ ነው። ቶሎ አልተናገረም። እሱ እስኪናገር ድረስ እሷ አባት አላት።

*

ቲቶ በማግስቱ ከቀብር በኋላ ሆሳዕና ሲገባ ጀምበር እየጠለቀች ነበር። አቶ ላምቤቦ በሩን ከፍተው ልጃቸውን አዩት። ከዚያ ሽታው ደረሳቸው። ከልጅነታቸው ጀምሮ ያልረሱት ሽታ ነው።

"ሰጡህ?"

"አይ።"

"አልሰጡህም?"

"እሷ ናት እምቢ ያለችው። አባቷ ትናንት አረፉ።"

አቶ ላምቤቦ ገለል ብለው አስገቡት። ኮቱን ራሳቸው አወለቁለትና በእጃቸው እንደያዙት ቆሙ። ልጃቸው ሁሉንም ከፍሎ ባዶ እጁን እንደመጣ ገባቸው። በዕድሜያቸው ሙሉ ተናግረው የማያውቁትን ነገር ለመናገር አፋቸውን ሁለቴ ከፍተው ዘጉት።

"ስትስብ ማን አየህ?" አሉ በመጨረሻ፣ ወለሉን እያዩ። "የእኛ ሰው ነበረ?"

"ማንም አልነበረም።"

"እንግዲያ…" ኮቱን ጠቀለሉት። "ይሄ ይታጠባል። እኔ አላሸተትኩም። ለማንም አንናገር፣ ቲቶ። እግዚአብሔር ያውቃል፤ እሱ ይበቃል።"

ቲቶ አባቱን አየ። ይህ ሰው በሕይወቱ አንድም ነገር ደብቆ አያውቅም፤ አሁን ለልጁ ሲል እየደበቀ ነው። ጠጋ ብሎ ኮቱን ከእጃቸው ወሰደ።

"አይሆንም፣ አባዬ። እሁድ አንብበው።"

"ለምን? ለምን ብለህ ነው?"

"እኔና ትዝታ ልንጋባ ነው ብለህ በጉባኤው ፊት የምታነብበት ቀን ነበር በሐሳቤ የነበረው። እሱ ቀርቷል። ለእሷ ብዬ ያደረግሁት ነገር ያለኝ ይሄ ብቻ ነው።" "ይሄም ሳይነበብ አይቅር።"

አቶ ላምቤቦ ወደ ልጃቸው አንድ እርምጃ ቀረቡና፣ ሽታውን ሳይሸሹ፣ ራሱን ወደ ደረታቸው ሳቡት።